ቅባቱ የእኔ ነው

የያዙኝ አውድማ ላይ ነው። ገብስ እያበጠርሁ ነበር። ነፋሱ ደህና ስለነበረ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቀና ብዬም አላየኋቸው። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው «መንሹን ጣል» አለኝ፤ ጣልሁ። ጭዱ በጢሜ ላይ እንዳለ፣ የጀርባዬ ላብ ሳይደርቅ ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ጥፋቴን ስጠይቅ «እዚያ ትሰማለህ» አሉኝ። እዚያ ስደርስ የሰማሁት፣ ቤቴ ላደሩ ሰዎች ራት አብልተሃል የሚል ነው። አብልቻለሁ። መሽቶበት ደጅ የቆመን ሰው ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ ብዬ ሳልጠይቅ ነው የኖርሁት፤ በስተርጅና ልማዴን እንዴት አባቴ ልለውጠው!

ያስገቡን ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን እዚያው አለ፤ ገና ሲገቡ ዓይን ይለበልባል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የመንዝ ብርድ መቼም ለኔ እንግዳ አይደለም፤ ሲሚንቶ ላይ ሲሆን ግን ከታች ወደ ላይ ነው የሚገባው፣ ጋቢ አያውቀውም። ቤቱን በቆርቆሮ ለሁለት ከፍለውታል። ወዲህ እኛ ወንዶቹ፣ ወዲያ ሴቶቹ። የቀደሙት እስረኞች ዕድሜዬን አይተው ጥጉን ለቀቁልኝ። ጥጉ ከዚያው ቆርቆሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሥሩ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው።

የበሩ ጠባቂ የልጅ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ ውሃ የት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ልጅህ አይደለሁም፣ አንተ ሽማግሌ!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልጄ አላልሁትም።

ከእኛ ጋር አንድ ነርስ ታስሮ ነበር። ቁስለኛ አክመሃል ብለው ነው። እሱን ከበሩ ሥር፣ ከውሃው ጀሪካን አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ወደ ቆርቆሮው እንዳይጠጋ፣ ከሴቶቹ ጋር አንዲት ቃል እንዳይነጋገር በዱላ ጭምር ተነግሮታል።

አንድ ቀን ጧት፣ ከሽንት ቤት መልሰው ካስገቡን በኋላ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

«አባባ። ከጥጉ ያሉት አባባ።»

«ማነሽ?»

«ሳልዎትን እሰማለሁ። ሽማግሌ መሆንዎን በሱ ነው ያወቅሁት። እናንተ ዘንድ ነርስ አለ አሉ፤ እውነት ነው?»

«አለ። ምን ልበልልሽ?»

ቆርቆሮውን በጥፍሯ ስትነካካው ይሰማኛል።

«እንደ አባትሽ ቁጠሪኝና ንገሪኝ» አልኋት።

«ለአባቴማ አልነግረውም ነበር» አለች።

ግን ነገረችኝ። ታች ያሳክካታል። ሽንት ስትሸና እንደ ፍም ያቃጥላታል። ከተቀመጠችበት መነሣት፣ ከተነሣች መቀመጥ አልሆነላትም። ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ ብላ ጠባቂውን ብትለምነው፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብሎ በሰው ፊት ጠየቃት። የሴት ሕመም ነው አለችው። «ጨብጥ ነው እንጂ! ስትይዥው ያላሳፈረሽ አሁን ምን ያሳፍርሻል?» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ «ጨብጦ፣ ቶሎ በይ!» እያለ ይጠራታል። እኛም ሰምተነው ነበር፤ የሰው ቅጽል ስም መስሎን ነው።

«ስንቅ የምታመጣልኝ አማቴ ናት» አለች። «ለእሷ እነግርልሻለሁ ብሎ ዝቶብኛል። ከነገራት ከዚህ ብወጣም የምገባበት ቤት የለኝም። መድኃኒቱንም በእሷ ማስመጣት አልችል። ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም አባባ። ይመኑኝ።»

«ማን ጠየቀሽ» አልኋት። «ቆዪ።»

ጀሪካኑ ነርሱ አጠገብ ነው አላልሁም? ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ጣሳዬን ይዤ ሄድሁና ጎንበስ ብዬ፣ «አንዲት ሴት…» አልሁት። ቀጥሎ ያለውን ቃል ምን ብዬ እንደምናገር ጨነቀኝ። «ሀፍረቷን ያሳክካታል» አልሁ በመጨረሻ። እሱ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ጠየቀኝ።

«የሚወጣት ፈሳሽ አለ? ነጭ ነው? የተቋጠረ፣ እንደ አይብ? ክፉ ሽታ አለው? ሆዷንስ ያማታል? ትኩሳትስ? ነፍሰ ጡር ትሆን? በቅርቡ ካፕሱል ውጣለች?»

«ይሄን ሁሉ ለሴት ልጅ እኔ ልጠይቅ?»

«ሌላ ማን አለ አባባ?»

ተመለስሁ። እሷ ባታየኝም ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁና በሹክሹክታ ጠየቅኋት። እሷም በአጭር በአጭሩ፣ ድምጿ እየተዋጠ መለሰች። ነጭ ነው። እንደ አይብ ነው። ይሄን ያህል ሽታ የለውም። ሆድ ቁርጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ጽንስም የለም። ካፕሱል ግን ውጣለች፤ ከመታሰሯ በፊት ለደረቷ የሰጧትን እዚህም ይዛ መጥታ ነበር። እኔ ደግሞ መልሱን ይዤ ወደ ጀሪካኑ። አንዱን ረስቼ እንደገና ወደ ጥጉ።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ ጠባቂው። «ዛሬ ግመል ሆነሃል?»

«ሽሮው ጨው በዝቶበት ነው» አልሁት።

«ቀሽም! ሚስትህን ተናገራት እንጂ ውሃችንን አትጨርስ!»

ነርሱ ሁሉን ከሰማ በኋላ፣ «ጨብጥ አይደለም፤ እርሾ ነው ይበሏት» አለኝ።

«እርሾ? የሊጡ?»

«የዚያ ዘመድ ነው። በሴት ገላ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ይኖራል፣ አይጎዳም። የደረቷ መድኃኒት ሌላውን ደጉን ተሐዋሲ ሲገድልባት ይሄ ብቻውን ኩፍ ብሎ ተነሣ። ወንድ ያላወቀች ልጃገረድም ይይዛታል። መነኩሲትም ይይዛታል። የማንም ነውር አይደለም።»

ይሄንን ቃል በቃል ወስጄ ነገርኋት።  ከዚያ «እርሾ» አለች። ሳቀች ይሁን አለቀሰች በቆርቆሮ አይለይም።

መድኃኒቱ ቅባት ነው። ክሎትሪማዞል ይባላል፤ የቆዳም አለ፣ ለእሷ የሚሆነው ግን ማስገቢያ ያለው ነው አለኝ ነርሱ። ማስገቢያ ማለት ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ቅባቱን እሱ ውስጥ ሞልታ፣ ጋደም ብላ ወደ ውስጥ ታደርገዋለች። ሰባት ቀን። ማሳከኩ ቢተዋትም ሰባቱን ሳትጨርስ እንዳታቆም። የልብስ ሳሙና እዚያ ቦታ እንዳታደርስ፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ ትታጠብ፣ በደረቅ ነጠላ ታድርቅ።

ወረቀት ማውጣት ክልክል ነው፤ የተገኘበት ይገረፋል። ስለዚህ ስሙን በቃሌ መያዝ ነበረብኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ለይቼ፣ ዳዊት ጀምሬ ነው የተውሁት፤ በቃል መያዝ ግን ያኔም አይከብደኝም ነበር። ክሎ፣ ትሪ፣ ማ፣ ዞል። ሦስት ቀን ሙሉ እየደጋገምሁ ስል ከጎኔ ያለው እስረኛ ጸሎት መስሎት «አሜን» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ባለቤቴ መጣች። የሚያገናኙን በሽቦ አጥር ነው። ጠያቂው ወዲያ፣ እስረኛው ወዲህ፣ ጠባቂው መካከል ላይ። ማንሾካሾክ አይቻልም፤ ጮክ ተብሎ ነው የሚወራው። ስለ በጎቹ ጠየቅኋት፣ ስለ ገብሱ ጠየቅኋት። ቀጥዬ፣ «ክሎትሪማዞል የሚባል ታመጭልኛለሽ፤ ማስገቢያ ያለውን» አልሁ።

«ምን አሉ?»

«ክሎትሪማዞል። ማስገቢያ ያለው።»

ጠባቂው አንገቴን ከኋላ ያዘኝ።

«ምንድን ነው ያልኸው? ድገመው!»

ደገምሁት። አለቃቸውን ጠራው። አለቃው ወንበሩን ጎትቶ ከአጥሩ ፊት ለፊት ተቀመጠና አጠገቡ አቆመኝ። ጠያቂው ሁሉ ስንቁን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ክሎትሪማዞል ማን ነው?»

«ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ መሣሪያ ነዋ። ማስገቢያ ያለው ብለሃል። ስንት ጥይት ይጎርሳል?»

«ጌታዬ፣ ቅባት ነው። መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት? የማን?»

ሴቶቹም ያን ጊዜ ተራቸውን ይጠብቁ ነበርና በራቸው ላይ ተሰልፈዋል። ከእነሱ አንደኛዋ እሷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ከጠያቂው መሀል አማቷ አለች። የሰው ነው ብል የማን ይሉኛል። ተደብድቤ ባልናገር እንኳ ጠባቂው ማንን «ጨብጦ» እንደሚል ራሱ ያውቃል፤ ወዲያው ያገናኘዋል።

«የእኔ ነው» አልሁ። «ሀፍረቴን ያሳክከኛል።»

መጀመሪያ ጠባቂው ሳቀ፤ ቀጥሎ አለቃው። ከጠያቂውም አፉን በነጠላ የሸፈነ ነበር።

«በዚህ ዕድሜህ?» አለ አለቃው። «ከየትኛዋ ጠላ ቤት አገኘኸው በል? ለሽፍታ ራት የምታበላ እኮ ለራስህም አልሰነፍህም!»

እኔ የማየው ባለቤቴን ነው። ካገባኋት ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም። በልጅነታችን አንቱ፣ ስንጣላም አንቱ።

«አንተ» አለችኝ። «ምን ሠራህ?»

 ብመልስላት ሁሉም ይሰማል። ስንቁን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደኋላ ሳትዞር ሄደች።

ተመልሳ አትመጣም ብዬ ነበር። ነርሱ «ለባለቤትዎ አንድ ቀን ይነግሯታል» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን የሚባለው መምጣቱን እርግጠኛ አልነበርሁም። በማዶ ያለችው ልጅም ሁሉን ሰምታለችና «አባባ፣ ይተዉት። እኔ ልንገራቸውና የመጣው ይምጣ» አለችኝ። «ቅባቱ ሳይመጣ ምንም እንዳትይ» አልኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቴ መጣች። በቅርባችን ባለው መድኃኒት ቤት አጥታው ሞላሌ ከተማ ድረስ ሄዳ ነው ያገኘችው፤ ያን ስም እሷም እንደኔ በቃሏ ይዛ። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ካርቶኗን ከፍተሻው ጠረጴዛ ላይ አኖረችና አጥሩ ሥር ቆመች። ጠባቂው ቀደደው። የቅባቱ ቱቦ ወጣ፣ ነጩም ቧንቧ ወጣ። አለቃው ቧንቧውን አንሥቶ በሁለት ጣቱ አገላበጠው።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አለ። «ይሄ የሴት ነው።» ፊቱን ወደ ሴቶቹ በር አዞረ። «ለየትኛዋ ነው ሽማግሌው የሚላላክ?»

ሴቶቹ በር ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«የእኔ ነው» አልሁ።

«ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ያንተ ከሆነ ተቀባ። አሁን። እዚሁ እንይህ።»

 ስንት ዓመት ሙሉ የአገር ሽማግሌ ተብዬ ስንት ጠብ ያበረድሁ ሰው ነኝ፤ ከተሰበሰቡት መሀል ያስታረቅኋቸውም ነበሩበት።  ከዚያ ነርሱ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ለእሷ ይንገሯት ያለኝ ነው፤ ቅባቱን ከመንካት በፊት እጅ መታጠብ አለበት ብሎ ነበር።

«ውሃ ይሰጠኝ» አልሁ።

«ለምን?»

«መድኃኒት በአደፈ እጅ አይነካም። እጄን ልታጠብ።»

ጠባቂው አለቃውን አየው። አለቃው ትከሻውን ነቀነቀ። ጠባቂው ጆግ አምጥቶ ራሱ አፈሰሰልኝ፤ ሌላ የሚያፈስስ ሰው አልነበረማ። እኔም ማዕድ እንደሚቀርብ ሰው እስከ ክንዴ ታጠብሁ። አልተጣደፍሁም። ጣቶቼን አንድ ባንድ አሸሁ። ውሃው ከጆጉ እስኪያልቅ ድረስ አፈሰሰልኝ። አራግፌ አደረቅሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ፤ ከቱቦው የባቄላ ፍሬ የምታህል በጣቴ ላይ አወጣሁ፤ ቱቦው ሌላ ነገር እንዳይነካ ክዳኑን ወዲያው መለስሁበት። በጋቢዬ ውስጥ፣ ማንም ምንም ሳያይ፣ ተቀባሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላዬ ይስቃሉ፤ አንዱ «ምርቃቱን አትርሳ አባ ቅባት!» ይላል። ስጨርስ ቱቦውን በካርቶኑ፣ ቧንቧውን በካርቶኑ አደረግሁ፤ የተቀደደውንም ጫፍ አጥፌ ዘጋሁት። ውሃ ወዳፈሰሰልኝ ጠባቂ ዞር ብዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት።

«አሜን» አለ፤ አፉ ለምዶበት ነው። ወዲያው ፊቱን አኮማተረና «ግባ!» ብሎ ገፈተረኝ።

ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ገባሁ። በቆርቆሮው ሥር አሾለክሁት። በማዶ በኩል ጣቶች ተቀበሉት፤ ከእሷ ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

የኛዎቹ እስረኞች ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጣፋቸውን ከእኔ አራቁ። ጣሳዬን ለብቻ አደረጉት። አንዱ፣ የአገሬ ሰው ነው፣ «አባ ቅባት፣ እባክዎ ወደዚህ አይጠጉ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ነርሱ ሊናገር ከንፈሩን ከፈት ሲያደርግ በዓይኔ ገሠጽሁት። ሃያ ሰው ያወቀው ነገር እስከ ማታ በሩ ላይ ይደርሳል።

በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ከበላን በኋላ፣ «አባባ» አለች። «ዛሬ ተኛሁ። ከረፋዱ ጀምሮ፣ ሲጠሩኝ እንኳ አልሰማሁም።»

«ደስ ይላል። ሰባቱን ጨርሺ።»

«እጨርሳለሁ። አባባ፣ ስሜን ልንገርዎት።»

«አትንገሪኝ» አልኋት። «ቢጠይቁኝ የማላውቀውን አልናገርም።»

«እሺ» አለች።

ሰባቱን ጨርሳለች። በስምንተኛው ቀን ባዶውን ቱቦ ጠቅልላ በሥር መለሰችልኝና ደብቄ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልሁት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም። ሲወጡ እኛን ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አድርጉ ብለውን ነበር።

እኔን የለቀቁኝ ያለ ፍርድ፣ ያለ ይቅርታ፣ «ሂድ» ብለው ነው። ቤቴ በገባሁ ማግስት፣ በጎቹ ከተሰማሩ በኋላ፣ ለባለቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ወለሉን እየጠረገች ነው የሰማችኝ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጥረጊያውን ይዛ ቆመች።

«ያ ቧንቧ የሴት መሆኑን መድኃኒት ቤቱ ነግሮኝ ነበር» አለች። «እኔ ሌላ ሴት ቤት የምታስቀምጥ መስሎኝ ነው የተቃጠልሁት።» ጎንበስ ብላ፣ «እግርዎን ያንሡ፣ ልጥረግበት» አለችኝ።

አባ ቅባት የሚለው ስም ግን ከእስር ቤቱ ቀድሞኝ ነው አገሬ የገባ። አሁንም አለ። ገበያ ላይ ይሉኛል፤ ሠርግ ላይ ሞቅ ሲላቸው ይሉኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «እውነቱን ልናገርልዎት» ትል ነበር። እውነቱ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት የዚህ አገር ሰው ናት፣ አማቷም የዚሁ አገር ሰው ናት። ዘመኑም ገና አልጠራም፤ የያዘኝም ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። አሁን የምጽፈው ማን እንደሆነች ራሴም ስለማላውቅ ነው። እሷ ብታነበው ራሷን ታውቃለች፤ ይበቃል።

ያለፈው ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠላው ሲዘዋወር አንዷ ጎረቤታችን ባለቤቴን፣ «አንቺዬ፣ ከዚህ ከአባ ቅባት ጋር አንድ ቤት ስትኖሪ አትፈሪም?» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዋንጫዬን አየሁ።

ባለቤቴ ጠላውን ቀዳችላት፤ እስኪሞላ ጠበቀች።

«ቅባቱን ሞላሌ ድረስ ሄጄ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ» አለች። «ጠጪ።»